ለፌንጣ የሚፈላው ውሃ

ለማከብርህና ለምሳሳልህ ለታላቅ ወንድሜ፣

እንደምን ሰነበትክልኝ? እንደምን ከረምክ? ብየዳው ያቀላው ዓይንህ እንዴት ሆነልህ? መነጽሩን ታደርገዋለህ ወይስ ዛሬም ግንባርህ ላይ ሰቅለኸው ትውላለህ? የእማዬ ጉልበትስ? ደረጃ ስትወጣ አሁንም ግድግዳውን እየያዘች ነው? ሙሽሪት ደህና ናት? ሁለት ልጅ ወልዳም ሚስትህ ለእኔ ያው ሙሽሪት ናት፤ በሌላ ስም ልጥራት ብል አፌ እምቢ ይለኛል። ዳኛው ትምህርቱን እንዴት ይዞታል? ትልቅ ትንሹን መዳኘቱን ትቶ የራሱን የቤት ሥራ መሥራት ጀመረ ወይ? ፌንጣዬስ? እሷን መጨረሻ ላይ ያደረግኳት ረስቻት እንዳይመስልህ፤ መልሱን ፈርቼ ነው። እግሯ እንዴት ነው?

እኔ በአካሌ ደህና ነኝ። እበላለሁ፣ ሥራ እገባለሁ፣ እወጣለሁ። ውስጤን ግን አትጠይቀኝ። ሰሞኑን የምይዘው የምጨብጠው ጠፍቶኝ ክፍሌ ውስጥ ከመስኮቱ ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ መስኮቱ እመላለሳለሁ፤ ከታች ያለችው አከራዬ ጣራዬን ልታፈርሺው ነው ወይ ብላ በመጥረጊያ እጀታ እስክትደበድብ ድረስ።

ይህን ደብዳቤ የምታመጣልህ የሠፈራችን ልጅ፣ የበረራ አስተናጋጇ ናት። ቤት እንዳትሄድ፣ ብየዳ ቤትህ ድረስ መጥታ በእጅህ እንድትሰጥህ አደራ ብያታለሁ። አንተም አደራዬን ሳትበላ ጠብቅልኝና እዚያው ቁጭ ብለህ አንብበው። ቤት ይዘኸው ከገባህ እማዬ ኪስህ ውስጥ ሆኖም ታሸተዋለች። ከዚያ ዳኛውን ጠርታ ጮክ ብለህ አንብብ ትለዋለች፤ ያ ልጅ ደግሞ ሲያነብ አንዲት ነጥብ አይዘልም። በስልክ ያልነገርኩህም ለዚሁ ነው። ያንተ ስልክ ከተሰበረ ወዲህ የቤቱን ስልክ የምታነሳው እማዬ ናት። ባለፈው ደውዬ አንተን ስጠይቅ ምን እንደሆነ ታስታውሳለህ፤ ድምፁን ከፍ አድርጋ መሃል ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው፣ ሁላችሁም ከበባችሁት፣ እኔም ልነግርህ የደወልኩትን ዋጥ አድርጌ እዚያ ይሞቃል ወይስ ይበርዳል ብዬ ጠይቄህ ዘጋሁ። አንተም ምን ነካት ሳትል አልቀረህም።

ታውቀኛለህ፣ ነገር ሲከብደኝ ዙሪያ ጥምጥም ነው የምሄደው። ዛሬም ትንሽ ልዙር፣ ታገሠኝ። የምመጣው ግን ፌንጣ ጋ ነው፤ ያንን አስቀድሜ ልንገርህ።

እዚህ ምን እንደምሠራ ስንት ጊዜ ጠይቀኸኝ ስንት ጊዜ በቀልድ አልፌሃለሁ። ሞግዚት ነኝ ብዬህ ነበር። እውነቴን ነው። ውቅያኖሱ ላይ እየተንሳፈፉ የሚኖሩ፣ የአሸዋ ቅንጣት የሚያካክሉ ፍጥረቶች አሉ፤ ፕላንክተን ከሚሉት ወገን ናቸው። በመረብ ቢያዙ ስለሚሰባበሩ ጠላቂዎቹ ከጀልባ ወርደው አንድ በአንድ በብልቃጥ ይይዟቸውና ለእኔ ያስረክቡኛል። እያንዳንዷ የየራሷ ብልቃጥ አላት፤ ሙቀቱ የተመጠነ ቁም ሣጥን ውስጥ ደርድሬ አስቀምጣቸዋለሁ። ከዚያ በማይክሮስኮፕ እያየሁ ከዓይን ሽፋሽፍት የማትበልጥ ሽሪምፕ በቀጭን ቱቦ አቀርብላቸዋለሁ። አንዷ ትይዛለች፣ አንዷ አልፈልግም ብላ ትጥላለች፣ እኔም እንደገና አነሳና እለማመጣታለሁ። ሰው ባሕር ተሻግሮ ሄዶ፣ ስንት ፈተና ተፈትኖ፣ ብይልኝ በሞቴ ሲል ይዋል? ይኸው እኔ እውላለሁ።

የእነዚህ ፍጥረቶች ዋና ሥራ ቤት መሥራት ነው። ከውሃው ውስጥ ካልሲየም እየወሰዱ ዛጎል ይሠራሉ። ሲያድጉ ሌላ ክፍል ይቀጥሉበታል፣ ደግሞ ሌላ፣ የኋለኛው ከፊተኛው እየሰፋ ይሄዳል። እኛ የምንፈልገው ይህን ዛጎል ነው። ምክንያቱም ዛጎሉ ሲሠራ ካልሲየሙ ብቻውን አይገባም፤ ውሃው ውስጥ የተገኘው ሁሉ ቆንጠር ቆንጠር እያለ አብሮ ይገባል፤ ማግኒዝየሙም፣ ባሪየሙም፣ ስሙን ጠርቼ የማልጨርሰው ጥቃቅን ማዕድን ሁሉ። አንዳንዴ ሆን ብለን ውሃቸው ላይ ባሪየም ጠብ እናደርግና ትንሽ እናቆያቸዋለን። ኋላ ሲሞቱ ዛጎሉን በሌዘር እየጫርን ስንለካው፣ በእነዚያ ቀናት የሠሩት የትኛውን እንደሆነ ቁልጭ ብሎ ይታያል። እንዲህ ነው እድገታቸውን የምንቆጥረው። አለቃዬ የምትለው አለ፣ በእኛ አፍ ስመልሰው፣ ዛጎል ይሉኝታ የለውም፤ የሰጠኸውን ውሃ ሳይደብቅ ይናገራል ትላለች። ጎበዝ ሴት ናት፣ ቆጣ ብትልም።

የእኔ ትልቁ ጭንቀት ታዲያ ምን መሰለህ? ክዳን ነው። የብልቃጥ ክዳን። ከላላ ውሃው ቀስ እያለ ይተናል። የሚሄደው ደግሞ ውሃው ብቻ ነው፤ ውስጡ ያለው ጨውና ማዕድን የትም አይሄድም፣ በቀረችው ጥቂት ውሃ ውስጥ ይጠራቀማል። ባለፈው አንድ አዲስ ሠራተኛ የአንዱን መደርደሪያ ክዳን ሳያጠብቅ ሄዶ፣ የእነዚያ ዛጎል ሲለካ ጭራሽ ሌላ ሆኖ ተገኘ። አለቃዬ ተቆጣች። እኔም ተከትዬ ተቆጣሁ፣ እንዲያውም ከእሷ በላይ የጮህኩት እኔ ነኝ፤ ውሃ ሲተን የሚቀረው እንደሚከብድ ማን የማያውቅ አለ ብዬ። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱን ክዳን በጣቴ ሳልነካ ወደ ቤት አልሄድም። እንግዲህ አስበው፤ ይህን ነገር ከእኔ በላይ የሚያውቅ ሰው በቤታችን የለም። እያወቅኩትም አላሰብኩትም።

ስልክህ ሳይሰበር የፌንጣን ፎቶ የላክህልኝ ጊዜ ነው የተጀመረው። ግድግዳ ተደግፋ ቆማ ትስቃለች። ጉልበቶቿ ተጋጥመዋል፣ ከጉልበቷ በታች ግን እግሮቿ ወዲያና ወዲህ ተንሻፍፈዋል። ያቺ መራመድ ሳትማር መዝለል የተማረች ልጅ! ፌንጣ ብዬ ስም ያወጣሁላት እኔ አይደለሁም? ጤና ጣቢያ ወሰዳችኋት፤ ፀሐይና ወተት ቢያንሳት ነው አሏችሁ፣ ሽሮፕም ሰጧት። እማዬም ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ላይ ሳታስቀምጣት የቀረችበት ቀን የለም። እግሩ ግን ባሰበት። በዚያ ላይ የዳኛው ጥርስ ይከነክነኝ ነበር። ከወጣ ጀምሮ ቡናማ ነቁጥ አለበት፤ የአናጢው ጎረቤታችን ልጆችም እንደዚያው ናቸው። ያንተና የእኔ ጥርስ ግን ነጭ ነው። እኛ በወንዝ ውሃ ነው ያደግነው፣ እነሱ ባንተ ጉድጓድ ውሃ። ውሃ ላክልኝ ያልኩህ ለዚህ ነበር።

ሳቅክብኝ። ውቅያኖስ አፍንጫሽ ሥር እያለ ከእኔ ጓሮ ውሃ ታስመጫለሽ ወይ ብለህ ሙድ ያዝክብኝ። ቢሆንም ላክህ። አስተናጋጇ ሻንጣዋን ስትከፍት እኔ አንድ ጠርሙስ ስጠብቅ ሁለት አወጣችልኝ። አንዱ ያንተ ነው፣ እንዳልኩህ ከፓምፑ በቀጥታ የተቀዳው። ሁለተኛው በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልሏል። ለካስ እማዬ ያንተን ጠርሙስ አይታ አፍራለች። ጥሬ ውሃ ለተማሩ ሰዎች ይላካል ወይ፣ ምን ቤተሰብ ነው ይሉናል ብላ፣ አንተ ዞር ስትል ለፌንጣ ካፈላችው ላይ ቀድታ ልካለች። እንግዳ ሲመጣ ከቁም ሣጥን የምታወጣውን ብርጭቆ አስታወስኩና ሆዴን ይዤ ሳቅኩ። አስተናጋጇም ሳቀች። ያንን ሳቅ አሁን ሳስበው ያስጠላኛል።

ውሃ የሚለካልን ባልደረባዬ ስሙ ዝምተኛው ነው፤ እኛ ያወጣንለት ነው። ሁለቱንም ጠርሙስ አጠገቡ አስቀምጬ፣ ይህ የወንድሜ ነው፣ ይህ የእናቴ ነው፣ የማን እንደሚጥም ንገረኝ ብዬ ቀለድኩበት። ሲመለስ እንደ ልማዱ ብዙ አልተናገረም። ከአንድ ጉድጓድ ነው የተቀዱት ወይ አለኝ። አዎ አልኩት። ሊሆን አይችልም አለኝ። ያንተ ጠርሙስ ውስጥ ፍሎራይድ የሚባለው ነገር ሰው መጠጣት ካለበት በላይ ተገኝቷል። ጥቂት ሲሆን ጥርስ ያጠነክራል፣ ሲበዛ ጥርስ ያበላሻል፣ ከዚያ በላይ ሲሆን ደግሞ አጥንት ውስጥ ገብቶ ያጣምማል። የእማዬ ጠርሙስ ያንተን እጥፍ አልፏል። እኔም ሁለቱ ጠርሙሶች ተቀያይረው ይሆናል፣ እንደገና ለካልኝ አልኩት። ለካው። ያው ነው። ጠርሙሱን ወደ ብርሃኑ ከፍ አድርጎ አየና ይህ ውሃ እሳት ላይ ብዙ ቆይቷል፤ ከግማሽ በላይ ተንኖ የቀረው ነው አለኝ።

ወንድሜ፣ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ዝምተኛው ደንግጦ ምን ሆንሽ ቢለኝ፣ ምንም፣ ምንም እያልኩ እንባዬ ይወርዳል።

እማዬ እንዴት እንደምታፈላ እናውቃለን። አንዴ ቢገነፍል አይበቃትም። የማንቆርቆሪያውን ክዳን ታነሳና እንፋሎቱ ይውጣ፣ ክፉው ነገር ይውጣ እያለች፣ እስኪጎድል፣ ግማሹ እስኪያልቅ እሳት ላይ ታቆየዋለች። ማገዶው ለሁላችሁ አይበቃም፤ ስለዚህ ለአንዷ ብቻ ታፈላለች፤ ያለ ጊዜዋ ተወልዳ መዳፍ ላይ ትተኛ ለነበረችው፣ እማዬ ደረቷ ላይ ለጥፋ ላሳደገቻት። ዳኛው ከኳስ ሲመጣ ፓምፑ ሥር ጎንበስ ብሎ ጥሬውን ይጠጣል፤ ይህ ልጅ አንድ ቀን ይታመማል እያለች እማዬ ትጮህበታለች። እሱ ጥርሱ ብቻ ነው የተበላሸው፣ እግሩ ቀጥ ብሎ ይሮጣል። አብልጣ የሳሳችላት ናት የተጣመመችባት።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሥራዬ ላይ ሐሳቤን መሰብሰብ አቅቶኛል። ትናንት ከልጆቼ አንዷ (ልጆቼ ነው የምላቸው፣ ምን ላድርግ) አዲስ ክፍሏን አጣማ ስትሠራ በማይክሮስኮፕ አየኋት። ልደግፋት ብል ጣቴ ይደመስሳታል። ውሃዋን ብቀይርላትም ያ የሠራችው አይስተካከልም፤ እሱን እንደያዘች ነው የሚቀጥለውን የምትሠራው። ተቀምጬ ሳያት ዋልኩ። ደመወዝ የሚከፈለኝ ለማየት ነው፣ አየሁ እንግዲህ።

አለቃዬ ነገሩን አይታ ጠየቀችኝ፣ ነገርኳት። ያቺ ቆጣ የምትል ሴት አቀፈችኝ፤ የአጥንት ሐኪም የሆነ ጓደኛዋ ጋም ደወለችልኝ። ሐኪሙ ያለኝን ሳልጨምር ሳልቀንስ ልንገርህ። ውሃው አሁኑኑ ከተቀየረና ምግቧ ከተስተካከለ፣ ገና ልጅ ስለሆነች፣ እያደገች ስትሄድ ጥቂት ሊቃናላት ይችላል። ላይቃናም ይችላል፤ ያኔ ቀዶ ጥገና ነው፣ እሱም እያደር የሚታይ ነው። ውሃው ካልተቀየረ ግን እየባሰ ሄዶ ጭራሽ መራመድ ልታቆም ትችላለች። አንድ ደህና ቃል ቢጨምርልኝ ብዬ ጠበቅኩት። እሱ ግን ደህና ሁኚ ብሎ ዘጋው።

ልምጣ ብዬም አስቤ ነበር። ፈቃዴ ሳይታደስ ከወጣሁ ተመልሼ አልገባም፤ እሱ ይቅር፣ ግን መጥቼስ ምን ላደርግ? እማዬ ፊት ቆሜ ምን ልላት?

ውሃው ይቀየር እንበል። በምን? ዝናቡ አልፏል፤ የጣራ ውሃ ማጠራቀም ለሚመጣው ክረምት ነው። አለቃዬ ከተቃጠለ የከብት አጥንት የሚሠራ ማጣሪያ አለ ትላለች፤ ፍሎራይዱን ይይዘዋል አሉ። ስጠይቅ ሰንብቻለሁ፣ እስካሁን ግን ላኩልኝ የምለው ቦታ አላገኘሁም። የቀረው የታችኛው ወንዝ ነው። አዎ፣ ያ ወንዝ። ከእኔ በታች የነበረችውን እህታችንን በተቅማጥ የወሰደብን። አንተ ትልቅ ስለነበርክ ሁሉን ታስታውሳለህ፤ እኔ የማስታውሰው የእማዬን ድምፅ ብቻ ነው። ከቀብር መልስ ነበር የጤና ጣቢያዋ ሴት መጥታ ውሃ አፍልታችሁ ጠጡ ያለቻት። ካለፈ በኋላ። ከዚያ ወዲህ ያልፈላ የወንዝ ውሃ ከአፋችን ገብቶ አያውቅም፣ ማፍላትም ለእሷ እንደ ጸሎት ሆነ።

አንተም ጉድጓዱን የቆፈርክላት ለዚሁ ነበር። ከሥራ መልስ፣ በእሑድ ቀን፣ ወገብህ እስኪቆረጥ፤ እኔ ከላይ ሆኜ አፈር በባልዲ ስጎትት እጄ ተልጦ ነበር። ፓምፑን ራስህ በየድከው። ውሃው ሲፈነዳ እማዬ እልል እያለች አለቀሰች፣ አናጢው ጫማውን አውልቆ ጭቃው ውስጥ ጨፈረ። እስከ ዛሬ በዚያ በኩል ያለፈ ሁሉ ሳይመርቅህ አይቀዳም። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ትል የለ እማዬ? የነገሩን ሥር ይኸው አገኘሁት። ጥሩውን ከየት ላምጣው?

የምለምንህ ይህን ነው። ለፌንጣ ከወንዙ በላይኛው በኩል ይቀዳ። በንጹሕ ጨርቅ ይጠለል፣ ክዳኑ ገጥሞ ይፍላ፣ ደህና አድርጎ ገንፍሎ ጥቂት ሲንተከተክ ይውረድ። እንፋሎቱ አይውጣ። የወንዙን ውሃ ለአስተናጋጇ ስጣትና እለካዋለሁ፤ እስከዚያው ያንተና የእኔ ጥርስ ይመስክርለት። የሚቻልህ ከሆነ ለዳኛውም ከዚያው ስጠው። አናጢውንም ሌላውንም ጎረቤት ልትነግራቸው ነው። ምርቃታቸው ወደ ምን እንደሚለወጥ እኔም አላውቅም።

እማዬ ለምን ወንዝ ስትልህ፣ ጉድጓዱ ተበላሽቷል በላት። ጥፋቱን ሁሉ ጉድጓድህ ላይ ጫነው። ሰው የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ይላል፤ እኔ ደግሞ የእምዬን ወደ አንተ ልክክ እያደረግኩ ነው። ውሸት አይደለም፣ ውሃው ከመነሻውም መጥፎ ነበር። ግን ምን እየጠየቅኩህ እንደሆነ አጥቼው አይደለም። በሕይወትህ አንድ ነገር ሠራህ ቢባል ያ ጉድጓድ ነው፤ እሱንም በገዛ አፍህ አዋርደው እያልኩህ ነው። ስድብህን እችላለሁ፣ ስደበኝ።

ደግሞስ እማዬን ማን ያታልላታል? ቢበላሽስ እኔ አፈላላት የለም ወይ ትልሃለች። ማፍላት አይረዳውም ብትላት ታዲያ ዳኛው እንዴት ዳነ ትላለች። ከዚያ ዓይን ዓይንህን ታያለች፣ ያኔ አለቀልህ። እውነቱን ይነገራት ልልህ አስቤ ነበር። እንዴት ተብሎ? አንዷን ልጅ ያላፈላችው ውሃ ነጠቃት፤ ሌላዋን ያፈላችው ውሃ አጣመመባት ልትላት ነው? ይህን ሰምታ በየትኛው ጉልበቷ ትቆማለች? አላውቅም ወንድሜ። እኔ ታናሽ ነኝ፤ አንተ ትልቅ ነህ፣ አንተ ፍረድ ብዬ ትከሻህ ላይ ጥዬው ልሸሽ ነው። መሸሼን እወቅልኝ።

እዚህ ድረስ ጽፌ ስልኬ ጮኸ። እማዬ ናት። እንዲህ ያለ ነገር የሚሆነው ለእኔ ብቻ ነው። ድምፅዋ ደስ ብሎታል። ልጄ አንድ ነገር ልንገርሽ አለችኝ። የፌንጣ እግር ስለባሰ ማፍላቱን ጨምሬያለሁ፤ አሁን አንዴ አፈላና አቀዘቅዘዋለሁ፣ መልሼ ደግሞ አፈላዋለሁ፣ ከድፍን ማንቆርቆሪያ አንድ ብርጭቆ ብቻ ነው የማወጣላት፤ ሰንበትበት ቢልም ይሽላታል አለችኝ። ከኋላዋ ሲንተከተክ ይሰማኛል። ፌንጣም አክስቴ ናት፣ ስጪኝ፣ ስጪኝ እያለች ትጎትታታለች። ከዚያ እማዬ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ እንደምታፍር ሆና፣ እነዚያ የተማሩት ሰዎችሽ የላክኩትን ውሃ እንዴት አገኙት አለችኝ።

አፌን ከፈትኩ። ንገሪያት፣ አሁን ንገሪያት አልኩ ለራሴ። ያልኳት ግን ይኸው ነው፦ ንጹሕ ነው አሉ እማዬ፣ እንዲህ ያለ ንጹሕ ውሃ አላየንም አሉ። ተመስገን አለች። ዳኛው፣ ሰማህ፣ ጥሬ አትጠጣ ስልህ አለችና ዘጋችው።

ቀጥይ አልኳት ማለት ነው፤ ለዳኛውም ጨምሪበት አልኳት። እንግዲህ ካሁን በኋላ ይህን አጥፈህ ኪስህ ውስጥ አትክተተው፤ እሳቱ ውስጥ ጣለው። ብየዳውን አጥፋ፣ እጅህን እንኳ ሳትታጠብ ወደ ቤት ሂድ። ምን ብለህ እንደምትነግራት አትጠይቀኝ፣ የሚባለውን ባውቀው ኖሮ እኔው እላት ነበር። ብቻ ማንቆርቆሪያውን ከምድጃው ላይ አውርደው።

ለሙሽሪት ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ ለእሷ ዛሬውኑ ንገራት፣ ብቻህን አትሸከመው። ዳኛውን ግንባሩን ሳምልኝ፤ ጎረቤት ሁሉ ሲመጣባችሁ አባትህን ደግፈህ ቁም ብላሃለች በለው። ለአናጢው ቤት ሁሉ ሰላም በልልኝ። ፌንጣን ጉልበቷንም፣ ቁርጭምጭሚቷንም ሳምልኝ፤ ስትስቅብህ አክስትሽ ናት የላከችው በላት።

ለእማዬ የምልከው ሰላምታ አጣሁ። እጇን ሳምልኝ፤ ሁለቱንም።

የምትወድህ ታናሽ እህትህ

ከውቅያኖሱ አጠገብ፣ ከሥራ ክፍሌ
ኅዳር 14 ቀን